የወገቤ ቂም

ሚያዝያ 20

ይህን ደብተር የገዛሁት የልጅ ስም ልጽፍበት ነበር። ሴት ከሆነች በዚህ በኩል፣ ወንድ ከሆነ በዚያ በኩል። ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ባዶውን ከረመ። በቃ፣ ለቂም ይሁን።

ዛሬ አዲሷ ዲዛይነር ሰው ፊት አዋረደችኝ። ሴቶቹ «ስፒል» የሚል ስም ያወጡላት በመጣች በሳምንቷ ነው። ቀጭን ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ ባላሰብሽው ቦታ ትወጋለች። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ እኛ ግን «እርስዎ» እንድንላት ትፈልጋለች። እሷ እትዬን ሳይቀር «አንቺ» ትላለች። እትዬ ናሙናዎቹን የሚሰፉልን ናቸው፤ እናቷ ሊሆኑ ይችላሉ።

የእኔን ሥራ ለሰው ማስረዳት ያስቸግረኛል። ስፌት ቤት እሠራለሁ እላለሁ እንጂ መርፌ አልይዝም። ቆሜ ደመወዝ እበላለሁ። እዚህ ቤት የሚወጣው ልብስ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ላይ ይለካል። እኔ ላይ የገጠመው ሚዲየም ይባላል፤ እሱ ሲሰፋ ላርጅ፣ ሲጠብ ስሞል ይወጣለታል። ከእኛ ቤት ሚዲየም ገዝታ የለበሰች ሴት ሁሉ የለበሰችው የእኔን ወገብ ነው። ስሜም ሚዲየም ሆኖ ቀረ። ባሌ እንኳ ሲያሾፍ «ሚዲዬ» ይለኛል።

ጠዋት ከፍ ያለው ሳንቃ ላይ አቆመችኝ። አለቃችንና ሁለት ደንበኞች እያዩ ወገቤን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አደረገችና «ይኼ የወለደች ሴት ሆድ ነው» አለች። «ሌላ ሰው ፈልጉልኝ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ እንኳ ትሻላለች።» አለቃችን የውሸት ሳል ሳሉ። አንደኛው ደንበኛ ስልኩን አየ።

የወለደች ሴት ሆድ! ያውም እኔን!

ከዚያ ስፒል ስትሰካ ጎኔን ወጋችኝ። «እህ!» ስል «አትንቀሳቀሺ» አለችኝ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ጨርቁ ላይ ትንሽ ደም ወጣ፤ እሷ ያዘነችው ለጨርቁ ነው።

ይቅርታ ከዚያች ሴት አፍ ሳይወጣ እኔ አርፌ አልተኛም።

ሚያዝያ 21

እትዬ «ተይው ልጄ፣ አፏ ነው። በሆድሽ አትያዢው» አሉኝ።

በሆዴ ነው የምይዘው። የተሰደበው እሱ አይደል?

ሚያዝያ 23፣ ማታ

አሰብኩበት። ሥራ ብለቅ ደስ ይላታል። ብሳደብ ያባርሩኛል። ስለዚህ እቀጥናለሁ። ከእንግዳ ተቀባይዋም፣ ከራሷ ከስፒልም በላይ እቀጥናለሁ። ቀሚሷ እኔ ላይ እንደ መጋረጃ ሲንጠለጠል ምን እንደምትል አያለሁ።

ስልኬ ላይ አንዲት አሰልጣኝ አለች፤ ክንዷ እንደ ወንድ ነው። «ጠላታችሁ ካርቦሃይድሬት ነው» ትላለች። ዳቦ የለም፣ ሩዝ የለም፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ስኳር የለም። ሙዝ እንኳ ጠላት ሆኖ ተገኘ። እንቁላል፣ ሥጋ፣ አይብ፣ ጎመን ይፈቀዳል። እኔ ደግሞ ከተፈቀደውም እቀንሳለሁ፤ የቸኮልኩ ሰው ነኝ።

ችግሩ ባሌ ዳቦ ጋጋሪ ነው።

ግንቦት 2

የወር አበባዬ መጣ። ቀኑን ጠብቆ፣ እንደ ልማዱ። እኔም እንደ ልማዴ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። ባሌ ከበሩ ውጭ «መጣ እንዴ?» አለ። «መጣ» አልኩት። «በሚቀጥለው» አለ። ሁልጊዜ «በሚቀጥለው» ይላል፤ አውቶቡስ ያመለጠን ይመስል።

ከሥራ ሲመጣ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳያመጣ የገባበት ቀን የለም። «አልበላም» ስለው «አሞሻል?» አለኝ። «ዳቦ ትቻለሁ።» ዳቦውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ «እኔንስ?» አለ። ቀልዱን ነው። ቀልዱን መሰለኝ።

ግንቦት 14

ራሴን ያመኛል፤ ግን ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት። በየመስታወቱ እየቆምኩ ስፒልን እሰድባለሁ።

ሌላ ዜና። ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ እትዬ ሜትራቸውን ይዘው ደረቴን፣ ወገቤን፣ ዳሌዬን ይለኩና ጮክ ብለው ያነባሉ። ቆራጮቹ ይሰማሉ። ከልኬ ከወጣሁ መቀስ አይነሳም። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ተዘልሎ የማያውቅ ነገር ነው። ስፒል ዛሬ አስቀረችው። «ሚዲየም ሚዲየም ነው። በየሳምንቱ በሜትር ስንጫወት አንውልም» አለች። እትዬ ሜትራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ጆሯቸው ቀላ።

ግንቦት 24

ዛሬ ገባኝ! ፊደሉ እየተጣመመብኝ ነው የምጽፈው፤ በረሃብ ይሁን በደስታ አላውቅም።

ሳንቃው ላይ ቆሜያለሁ። ቀሚሱ ወገቤ ላይ ሰፋ። ስፒል «ይኼን ማን ነው እንዲህ ያሰፋው?» ብላ በስፒል ያዝ ያዝ አደረገችና ለቆራጮቹ «በዚህ ልክ» አለቻቸው። ባለፈው ሳምንት ሸሚዙንም እንዲሁ አድርጋዋለች። ከዚያ በፊት ጉርዱን። እኔ እየከሳሁ ስሄድ ልብሱ እየተከተለኝ ነው። መጋዘን ውስጥ እየተደረደረ ያለው «ሚዲየም» ሚዲየም አይደለም፤ የተራበች ሴት ልክ ነው። ማን ሊለብሰው?

አንድ ቃል ብናገር ይቆማል። «ይለኩኝ» ብል ይበቃል።

አልናገርም። የእጇን ታገኛለች።

ስወርድ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አየሽ፣ ከፈለግሽ ትችያለሽ» አለችኝ። ምስጋናዋን ዋጥኩት። ዛሬ ከእሱ ሌላ የዋጥኩት አንድ እንቁላል ነው።

ግንቦት 30

የወር አበባዬ ለስሙ ያህል ጠብ ጠብ አለና ቆመ። ተገላገልኩ። ማልቀሻ ጊዜም አልሰጠኝ።

ሰኔ 11

ይበርደኛል። ሰው በአጭር እጅጌ ይሄዳል፣ እኔ በሹራብ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። የአየሩ ነገር ይሆናል።

ባሌ ዳቦ ማምጣት አቆመ። እኔ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ሰኔ 29

አልመጣም።

ሰኔ 30፣ ማታ

ዛሬም አልመጣም። ለማንም አልናገርም። ለዚህ ደብተር ብቻ።

ደረጃ ስወጣ አዞረኝ። ማዞር እኮ ምልክት ነው። ከእንቅልፌ ስነሳ ያቅለሸልሸኛል። ይኼም ምልክት ነው። ለስፒል እንዴት ነው የምነግራት? ሳንቃው ላይ ቆሜ፣ እሷ ተንበርክካ እየሰካች፣ «እውነትዎን ነው፣ የወለደች ሴት ሆድ ሊኖረኝ ነው» እላታለሁ። እሷ ባዶ ሆዷን ይዛ ትቅር።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ልጄን ገና ሳላቅፈው ዱላ አደረግኩት።

የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ስም ጻፍኩ። የሴት።

ሐምሌ 1

የእርግዝና መመርመሪያ ገዛሁ። አንድ መስመር።

ሐምሌ 3

ሌላ ገዛሁ። የፊተኛው የተበላሸ መስሎኝ። አንድ መስመር።

ስሙን በጥቁር እስክሪብቶ ደለዝኩት። ብርሃን ላይ ሲያዙት ግን ይነበባል።

ሐምሌ 5

ባሌ ወጥ ቤት ሆኖ ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራል። ጫማዬን እያወለቅኩ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። «ኧረ እማዬ ገና ነው፣ ለሰው እንዳትናገሪ… ምግብ አስጠልቷታል። ያዞራታል። ወሯም አልመጣም መሰለኝ፣ ደብቃኛለች… እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከሆነ ራሷ ትንገረኝ ብዬ ነው።» ድምፁ ውስጥ ያለው ደስታ! እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

ገብቼ «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ጫማዬን መልሼ አድርጌ ወጣሁና ሰፈሩን ዞሬ መጣሁ። ስገባ እንቁላል ቀቅሎ ጠበቀኝ። «ለሁለት ሰው ብዪ» አላለኝም፤ ዓይኑ ግን አለኝ።

የወር አበባዬ ለምን እንደቀረ አሰልጣኟን ጽፌ ጠየቅኳት። «ሰውነትሽ እስኪለምድ ነው፣ ጠንክሪ» አለችኝ። የሚያጨበጭብ እጅ ምስልም ልካልኛለች።

ሐምሌ 15

ሆነ!

ልብሱ ከሱቆቹ ተመለሰ። ካርቶን በካርቶን ላይ። ደንበኞች ሚዲየሙን ለብሰው ዚፑ አልዘጋ ብሏል፤ አንዲቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ክንዷ ሸሚዙ ውስጥ ተይዞ በመቀስ ነው ያወጧት አሉ። አለቃችን ቀሚሱን አንስተው ስፒል ፊት ዘረጉት። «ይኼ ሚዲየም ነው? ለማን? ለአሻንጉሊት?» አሏት።

ስፒል ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሳንቃው ላይ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ። «እትዬ፣ ይለኳት» አሉ አለቃችን። እትዬ ለኩኝ። ጮክ ብለው አነበቡ። ማሽኖቹ ሁሉ ቆሙ።

«ሰኞ ሰኞ አትለኩም እንዴ?» አሉ አለቃችን።

ሁሉም ስፒልን አየ። ቀለሟ ሄደ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ወር የጠበቅኩትን በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ይቅርታ ግን አላለችም። «ሚዲየሟ ናት የከሳችው!» ነው ያለችው።

ሐምሌ 16

እሑድ ሁሉም ተጠራ። ትርፍ ጨርቅ ያለው እየተፈታ ሊሰፋ፣ የሌለው እንደገና ሊቆረጥ። ስፌት ፈትተሽ ታውቂያለሽ? ከመስፋት ይብሳል። አንዷ ልጇን ከሐኪም ቤት ነው ጥላ የመጣችው። ሌላዋ ጣቷን ቆርጣ በጨርቅ አስራ ትፈታለች። ስፒል ቢሮዋ ውስጥ ናት። እሷ አንድ ክር እንኳ አልፈታችም።

እኔ መፍታት አልችልም፤ ካርቶን እየጎተትኩ ልረዳ ስል ወደቅኩ። እትዬ ክንዴን ይዘው አነሱኝና አልለቀቁኝም። ክንዴን ሲዳብሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ታውቂ ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ፊቴን አዞርኩ።

«ለእኔ እንኳ? ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ?»

«እሷን ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እሷማ ያቻት፣ ወንበሯ ላይ። እዚህ ወለል ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የወር አበባሽ ይመጣል?» አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም። ማልቀሴን ብቻ አስታውሳለሁ። ሦስት ወር የቋጠርኩትን ሁሉ ጉያቸው ውስጥ አለቀስኩት። ስፒል ልኬቱን ያስቀረች ቀን ዝም ብለው ለክተውኝ ቢሆን ኖሮ ብዬ እሳቸውንም በልቤ ወቀስኳቸው። እኔ የማልወቅሰው የለም።

ሐምሌ 20

የማህፀን ሐኪም ጋ ሄድኩ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ የማትቸኩል ሴት። ደሜን መረመረች፣ ማህፀኔን በማሽን አየች።

«ማህፀንሽ ደህና ነው» አለችኝ። «ሰውነትሽ ግን ረሃብ የገባ መስሎታል። አንጎልሽ፣ ራሷን መቀለብ ያልቻለች ሴት ማርገዝ የለባትም ብሎ ትእዛዙን አቁሟል። እንቁላሉም አይለቀቅ፣ ደሙም አይመጣ።»

«ዳቦ ስለተውኩ ብቻ?»

«ዳቦ የተወች ሁሉ እንዲህ አትሆንም። ስኳር ወይም ክብደት ያስቸገራት ሴት በሐኪም ምክር ቀንሳ ወሯ የተስተካከለላትም አለች። አንቺ ግን ዳቦውን ስትተዪ በምትኩ አልበላሽም። በዚያ ላይ ተናደሻል፣ አትተኚም። ሁሉም ተደማምሮ ነው።»

«ይመለሳል?»

«ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ብትበዪ። ቀጠሮ ግን አልሰጥሽም፤ ሰውነት ሲያኮርፍ በራሱ ጊዜ ነው የሚታረቀው።»

በሩ ጋ ስደርስ «ማን ላይ ነው የተናደድሽው?» አለችኝ። «ማንም ላይ» አልኳት።

ሐምሌ 22

አሁን ስሙልኝ!

አለቃችን ስፒልን ጠርተዋት ነበር። የነሐሴ መጨረሻ የልብስ ትርኢት አለ፤ ትልልቆቹ ደንበኞች ይመጣሉ። የድሮው ቅድ ሁሉ የተሠራው በድሮው ወገቤ ነው። «ሚዲየሟን በልኳ መልሰሽ ካላቆምሽልኝ አንቺም ዕቃሽን ሰብስቢ» ብለዋታል። የሰማሁት ከእንግዳ ተቀባይዋ ነው፤ ያቺ ልጅ ግድግዳ አይጋርዳትም።

ጠዋት ስፒል በካርቶን ኬክ ይዛ መጣች። እጄን ያዘች። «የኔ እህት፣ እስቲ ትንሽ ቅመሺልኝ» አለችኝ። የኔ እህት! «አመሰግናለሁ፣ እርስዎ ይብሉት፤ እኔ የወለደች ሴት ሆድ አለብኝ» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይፍሰስ።

ግን ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ጉዱ ገባኝ። ከበላሁ ስፒል ትድናለች። ካልበላሁ ትባረራለች፤ እኔም እንደ ደረቅኩ እቀራለሁ። እኔና እሷ በአንድ ዳቦ ላይ ተንጠልጥለናል።

ትርኢቱ እስኪያልፍ ብቻ ብታገስስ? እሷ ከወጣች በኋላ እበላለሁ። ከዚያ ልጁም ይደርሳል። ትንሽ ብቻ።

ሐምሌ 24፣ ማታ

ለባሌ ነገርኩት። ሁሉንም። እርግዝና አለመሆኑን፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ ስፒልን፣ ትርኢቱ እስኪያልፍ ልጠብቅ ማሰቤን። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እጁን ታጥቦ ዱቄት አወጣ። ቤት ውስጥ ጋግሮ አያውቅም፤ የሚጋግረው ለሰው ነው። አቦካ፣ ጠበቀ፣ አድቦለበለ፣ ምድጃው ፊት ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ዳቦውን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ።

«ከበላሁ እሷ ታሸንፋለች» አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ መውጣቱ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

«ለእሷ አይደለም የጋገርኩት» አለኝ።

ቆረስኩ። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያዋ ጉርሻ። እያለቀስኩ በላሁ፤ አፌ ሞልቶ እያለቀስኩ። እሱም በላ። ዳቦውን ጨረስነው።

ነሐሴ 8

እበላለሁ። ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ። አሰልጣኟን ከስልኬ አጠፋኋት።

የሰኞው ልኬት ተመልሷል። እትዬ አሁንም ብዙ አያናግሩኝም፤ ሜትሩን ሲያነቡ ግን ድምፃቸው በየሳምንቱ ከፍ እያለ ነው። ስፒል ኬኳ የሠራ ይመስላታል፤ በየቀኑ ታመጣለች። ኬኩን እንግዳ ተቀባይዋ ናት የምትበላው፤ ጉንጯ ሞልቷል። ስፒል እንድትድን አልፈልግም ነበር። ግን እየዳነች ነው። ያንገበግበኛል። በንዴት ሁለት ሙዝ በላሁ።

ነሐሴ 17

ምንም የለም።

ነሐሴ 22

ምንም የለም። እንቅልፍ ብቻ መጥቷል። ሐኪሟ ቀጠሮ አልሰጥሽም ብላኛለች፤ እኔ ግን በየጠዋቱ እጠብቃለሁ። ድሮ እንዳይመጣ ነበር የምጸልየው።

ነሐሴ 28

መጣ!

ሁለት ዓመት በየወሩ ሳየው ያለቀስኩበት ደም ነው። ዛሬ ስፌት ቤቱ መታጠቢያ ውስጥ ግድግዳ ይዤ ሳቅኩ። ለባሌ ደወልኩ። «መጣ» አልኩት። «ዳቦው ነው» አለ፤ ኩራቱ! «በሚቀጥለው» አልኩት እኔ፣ ቀድሜው።

አመጣጡን ደግሞ ልጻፈው። ነገ ትርኢት ነው። ስፒል የመጨረሻውን ነጭ ቀሚስ አልብሳኝ ሳንቃው ላይ አቁማኛለች። ከኋላዬ ተንበርክካ፣ አፏ ስፒል ሞልቶ፣ ጠርዙን ትሰካለች። ወገቤ በልኩ ነው፤ የድሮው፣ የተሰደበው። አለቃችን ከደንበኞቹ ጋር ቆመው ያያሉ፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

ሆዴን ቆረጥ አደረገኝ። ያ የማውቀው ቁርጠት። ከዚያ ሙቀት።

ስፒል ጮኸች። ስፒሎቹን ሁሉ ወለሉ ላይ ተፋቻቸው። «ደም! ወጋሁሽ እንዴ? የት ጋ ነው የወጋሁሽ? ውይ ይቅርታ! ይቅርታ የኔ እህት፣ በናትሽ ይቅርታ አድርጊልኝ!» ጉልበቴን አቅፋለች። በሰው ሁሉ ፊት። ድምፅዋ እስከ መጋዘኑ ይሰማል።

እትዬ ከማሽናቸው ቀና አሉ። ነጩን ቀሚስ አዩ፣ እኔን አዩኝ። ገባቸው። ሜትራቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

እውነቱን መንገር እችል ነበር። ወደ ታች አየኋት። ያ ሁሉ ማብረቅረቅ ጉልበቴ ሥር ነው።

«አዎ፣ ወጋሽኝ» አልኳት። አንቺ ብዬ።